«ጨጓራ ነው» ተብሎ የተዘጋ ካርድ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ከእንቅልፉ ይባንናል። ከእንብርቱ በላይ፣ ከደረት አጥንቱ ሥር የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዞታል። ላብ አጥምቆታል፤ ያቅለሸልሸዋል። ባለቤቱ መብራት አብርታ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ይቺ ጨጓራ ደግሞ ተነሳችብኝ» ይላል። ከመሳቢያ ኦሜፕራዞል ይወጣል፤ ወተት ይሞቃል፤ ሲነጋ ጎረቤት የተልባ ውሃ ይዛ ትመጣለች። ረፋድ ላይም ሕመሙ አልለቅ ሲል ታክሲ ተጠርቶ ወደ ሕክምና ይሄዳል።

ወረፋ አለ። ተራው ሲደርስ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ይባላል፤ በእጁ ያሳያል። «ከዚህ በፊት ጨጓራ ነበረብዎት?» «አዎ፣ የቆየ ነው።» አንድ መርፌ፣ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ፣ «ቡናና በርበሬ ይቀንሱ» የሚል ምክር ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ አንድ ቃል ይጻፋል፤ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በየሰፈሩ የሚታወቅ፣ በየለቅሶ ቤቱ የሚወራ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ነው። አብዛኛው ሰው ይሻለውና ይረሳዋል። ጥቂቱ ግን በማግስቱ በቃሬዛ ይመለሳል። ያኔ ከዘመድ አፍ የሚወጣው ያው ነው፦ «ትናንት እኮ ጨጓራ ነው ተብሎ ነበር!»

ችግሩ ያለው ሐኪሙ ብርቅ በሽታ አለማወቁ ላይ አይደለም። ብርቅ በሽታዎችን በስም የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አገር ሞልቷል። ችግሩ «ጨጓራ» የሚለው ቃል መልስ መስሎ ጥያቄውን መዝጋቱ ነው። ድንገት ለተነሳ የላይኛው ሆድ ሕመም የድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሥራ «ይህ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመውን መገመት መሆን የለበትም። «ዛሬ ሌሊት ሊገድለው የሚችለው ምንድን ነው? እሱንስ ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ቢመሳሰሉም በመካከላቸው የሰው ሕይወት አለ።

ቃሉ ለምን በረታ?

ጨጓራ በኢትዮጵያ ከበሽታም በላይ ነው። ሰው ሲያናድድ «ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። ፌጦውም፣ ተልባውም፣ አብሹም ለእሱ ነው። ቃሉም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በታዳጊ አገሮች እጅግ የተስፋፋ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራን እንደሚያስቆጣ አሳየ፤ እሱና ሮቢን ዋረን በዚህ ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ስለዚህ «ጨጓራ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ የሆነ ግምት መጠየቁ ይቀራል። ክሊኒኩ በደም ኤች ፓይሎሪ ይመረምራል፤ «ፖዘቲቭ» ይወጣል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ግን ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር መተዋወቁን ነው። ከታከመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በብዙ ሰው ደም ውስጥ የሚገኝ ምልክት የዛሬ ሌሊቱን ሕመም ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም። ባክቴሪያውም፣ የልብ ሕመሙም በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ከዚያ ደግሞ የካርዱ ጉዳይ አለ። አንድ ጊዜ የተጻፈ ቃል ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። የሌሊቱ ተረኛ የጻፈውን የቀኑ ያነባል፤ ጤና ጣቢያው የጻፈውን ሆስፒታሉ ያነባል። ሦስተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ግምቱ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቆጠራል። ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ወይም የዘገየ የበሽታ ልየታ እንደሚገጥመው ጽፏል። ያ ሁሉ ማሽን ያለበት አገር ይህን ካለ፣ ማሽኑ የሌለበት አገር የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ

ሕመምተኛው በመዳፉ የሚሸፍናት ቦታ ጠባብ ናት። ከሥሯ ግን ጨጓራ ብቻ አይደለም ያለው። ጉበት፣ የሐሞት ከረጢት፣ ቆሽት፣ ትንሹ አንጀት፣ ጣፊያ፣ ከጀርባ በኩል ደግሞ ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ አለ። ከላይ በኩል ልብ በድያፍራም ላይ ተቀምጧል። የውስጥ አካላት ስሜት ወደ አከርካሪ የሚገባው በተቀራረቡና በሚጋሩት ነርቮች ስለሆነ አእምሮ «ከዚህ አካባቢ ነው» ከማለት በቀር የትኛው አካል እንደሚጮህ አይለይም። ሰውዬው ጨጓራውን ቢያሳይ የሚያሳየው የተሰማውን ቦታ እንጂ በሽታውን አይደለም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ልብ ነው። የልብ የታችኛው ግድግዳ ደም ሲቋረጥበት ሕመሙ ደረት ላይ ሳይሆን ከእንብርት በላይ ሊሰማ ይችላል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ላብ ይጨመርበታል። በተለይ ስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና ሴቶች ላይ ሃርት አታክ ደረት ሳያሳምም ሊመጣ ይችላል። የጨጓራ ሽሮፕ ጠጥቶ ቀለል ማለቱም ልብን ነፃ አያወጣም። ዓለም አቀፉ መመሪያ ልብ የተጠረጠረበት ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሳ ያዛል። ኢሲጂ ደግሞ ሕመም የሌለው፣ ደቂቃ የማይፈጅ፣ ብዙ ሆስፒታሎች ያላቸው መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ደህና ቢመስልም ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል።

ሁለተኛው አኦርታ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ሕመሙ እየጨመረ የሚመጣ ሳይሆን በመጀመሪያዋ ቅጽበት ጣሪያ የሚነካ ነው፤ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ስንጥቁ ከልብ አጠገብ ከጀመረ ሳይታከም በሚያልፈው በእያንዳንዱ ሰዓት የመሞት ዕድሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ እንደሚጨምር በሕክምና ትምህርት ቤት ይነገራል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰው የቆየ የደም ግፊት ያለበት ነው። በሁለቱም ክንድ ግፊት መለካትና የሁለቱን እጅ ምት ማነጻጸር ገንዘብ አይጠይቅም። ልዩነት አለመኖሩ ነፃ አያወጣም፤ መኖሩ ግን ሁሉንም ሥራ አስጥሎ የሚያስሮጥ ነው።

ሦስተኛው የተበሳ ጨጓራ ነው። እዚህ ላይ «ጨጓራ ነው» ያለውም ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን በኦሜፕራዞል የሚድን ጨጓራ አይደለም። ሕመሙ እንደ ጩቤ ይወጋል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ሰውዬው መንቀሳቀስ ይፈራል። ቆሞ ወይም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የተነሳ የደረት ራጅ ብዙ ጊዜ ከድያፍራም ሥር አየር ያሳያል። ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ሲባል ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። «ሕመሙን ያስታግሰው» ተብሎ ዲክሎፌናክ መርፌ የሚወጋ ሕመምተኛ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን እንደተጨመረበት ነው።

አራተኛው ቆሽት ነው። ሕመሙ ወደ ጀርባ ይወጋል፤ ወደፊት ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ይቀልላል። ዋና መነሻዎቹ የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው። ረጅሙ ጾም ተፈትቶ ቅቤና ሥጋ በተበላ ማግስት ድንገት የተነሳ የሆድ ሕመም ሁሉ «ቅባት ነው የጎዳው» እየተባለ ይታለፋል። ቅባት ግን የተደበቀ የሐሞት ጠጠርንም ያስነሳል፤ ጠጠሩም ቱቦውን ሲዘጋ ቆሽትን ያስቆጣል። የሊፔዝ ምርመራና አልትራሳውንድ ይህን ይለያሉ።

«ብርቅ» ማለት የት?

የውጭ መማሪያ መጽሐፍ «እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም» ብሎ ከገጹ ግርጌ የሚያስቀምጠው ነገር በኢትዮጵያ ከግርጌ መቀመጥ አይገባውም። ብርቅነት እንደ አገሩ ነውና።

ወስፋት ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞት ቱቦ ሊገባ ይችላል። ሕፃኑ ወይም እናቲቱ በድንገት ይጮሃሉ፤ ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። በአልትራሳውንድ ትሉ በቱቦው ውስጥ እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ስቶክሆልም ላይ ይህ ለጉባኤ የሚቀርብ ጉድ ነው፤ ወስፋት በሞላበት ገጠር ግን መጠርጠር ያለበት ነገር ነው።

ከውሻና ከከብት ጋር ተቀራርበው በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ደግሞ ሃይዳቲድ የሚባለው ውሃ ያዘለ ከረጢት ጉበት ላይ ለዓመታት በዝምታ ያድጋል። አንድ ቀን ሲፈነዳ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ብቻ ሳይሆን ግፊት የሚጥል አለርጂም ያስከትላል። በወባ አካባቢ ያበጠ ጣፊያ ቀላል ምት ሳይደርስበት እንኳ ሊቀደድ ይችላል፤ ሕመሙ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ይጀምርና ወደ ግራ ትከሻ ይወጣል። ትከሻውን የሚያሸው ሰው ሆዱ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የወጣቶቹ ነው። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የልብን በር የሚያጠብ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያስከትላል፤ ይህም በኢትዮጵያ የወጣቶች በሽታ ነው። የልብ በር ሲጠብ ምቱ ይዛባል፤ ውስጡ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ይባላል፤ ሁሉም ይደነግጣል። ወደ አንጀት ደም ቧንቧ ቢሄድ ግን «ጨጓራ» ይባላል። ምልክቱ ለየት ያለ ነው፦ ሕመምተኛው በሕመም ይንፈራገጣል፣ ሆዱ ሲነካ ግን ለስላሳ ነው። ይህን የሚያይ ሰው «ያስመስላል» ወይም «ያጋንናል» ለማለት ይቸኩላል። አንጀቱ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የእጅ ምት መንካትና የልብን ድምፅ ማዳመጥ ይህን ለመጠርጠር ይበቃል።

ጨጓራ የማይባልለት ሌላም አለ። ከሃያኛው ሳምንት በኋላ ያለች ነፍሰ ጡር ከእንብርት በላይ ወይም ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ካመማት፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከታከለበት፣ ፕሪክላምፕሲያ እስካልተወገደ ድረስ «ቃር ነው» መባል የለበትም። ምርመራው ግፊት መለካትና ሽንት ማየት ነው። ቀጭን የሆነ፣ ውሃ የሚጠማው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና የሚያስመልሰው ወጣት ደግሞ የሆድ በሽታ ላይኖርበት ይችላል፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ደሙ አሲድ ሆኖ ይሆናል። ይህን የሚለየው የጣት ጫፍ የስኳር ምርመራ ነው።

በታላላቆቹም ላይ ደርሷል

በሕክምና መዝገበ ቃላት «የአይንስታይን ምልክት» የሚባል አለ። አልበርት አይንስታይን ለዓመታት የላይኛው ሆድ ሕመም ሲመላለስበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዶ ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን ሆዱን ሲከፍት ያገኘው ያበጠ አኦርታ ነበር፤ በዘመኑ በነበረው ዘዴ በሴሎፎን ጠቀለለው። በ1955 አኦርታው ፈነዳ፤ አይንስታይን ሌላ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብሎ በ76 ዓመቱ አረፈ። የፈነዳ አኦርታ የሐሞት ከረጢት ሕመም መስሎ ሲመጣ በእሱ ስም ይጠራል። የዓለም ታላላቅ ሐኪሞች በዙሪያው ያሉት ሰው ሆድ እንኳ ሊያታልል ከቻለ፣ የማንም ሆድ ሊያታልል ይችላል።

የሐኪሙም ወገን ይሰማ

ይህ ሁሉ ሲባል ከተረኛ ክፍል የሚመጣው መልስ ይታወቃል። «በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ ሰው ለብቻዬ እያየሁ፣ ሲቲ ስካኑ ተበላሽቶ፣ ሪኤጀንት አልቆ፣ ለእያንዳንዱ የሆድ ሕመም አኦርታ ልፈልግ?» መልሱ ተገቢ ነው። ለሁሉም ሁሉንም ማዘዝ ሌላ ጥፋት ነው። ወጪውን ከኪሱ የሚከፍለው ሕመምተኛ ነው፤ በግ ሸጦ የመጣ ገበሬ ለማይጠቅም ምርመራ ዕዳ መግባት የለበትም። አንዳንድ ቦታም ምርመራ የሚበዛው ለሕመምተኛው ተብሎ ሳይሆን ለገቢ ተብሎ መሆኑ አይካድም።

ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረውን መልሶ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን አይደለም። ግፊት በሁለቱም ክንድ፣ የእጅ ምት፣ የስኳር ምርመራ፣ ሽንት፣ ለመውለድ ዕድሜ ላለች ሴት የእርግዝና ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ሆድን በእጅ መዳሰስ ነው። ከዚህ አብዛኛውን ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሐኪሙ ሳይደርስ መሥራት ይችላል። ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ የሚመጡት እነዚህ ጥርጣሬ ሲያስነሱ ነው። ውዱን ምርመራ ለሚገባው ሰው ለይቶ የሚያስቀርልን ርካሹ ምርመራ ነው።

አገሪቱም ባዶዋን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2013 ወጥተዋል። ትሪያጅ የሚለው ቃል ዛሬ ለብዙ ሆስፒታል እንግዳ አይደለም። የጎደለው እውቀቱ በየወረዳው ልማድ ሆኖ አለመውረዱ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ድንገተኛ የላይኛው ሆድ ሕመም ይዞ ለሚመጣ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ በየትኛውም ዕድሜ ላለ የስኳር ወይም የግፊት ሕመምተኛም ኢሲጂ በሐኪም ፈቃድ የሚታዘዝ ሳይሆን በር ላይ የሚነሳ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ «ጨጓራ» ከመጻፍ «ምክንያቱ ገና ያልተለየ የሆድ ሕመም» ተብሎ ይጻፍ። ይህ የሐኪም ድክመት አይደለም፤ ሐቅ ነው። ቀጣዩ ሐኪም የተዘጋ በር ሳይሆን የተከፈተ ጥያቄ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ራሱ ምርመራ መሆኑ ይታወቅ። ሆዱ አሁን ለስላሳ የሆነ ሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ላይሆን ይችላል። አልጋ ከሌለ አግዳሚ ወንበር ላይ አቆይቶ በዚያው እጅ ደግሞ መዳሰስ ብዙ ሰው አድኗል።

አራተኛ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ይያዝ፦ ሕመሙ ከባሰ፣ ካዞረህ፣ ካላበህ፣ ሆድህ ከደረቀ፣ ደም ካስታወክህ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከመጣ ሳትፈራ ተመለስ የምትል። «ትናንት ታይቻለሁ፣ ምን ይሉኛል» በሚል ይሉኝታ ቤቱ የሚሞት ሰው አለና።

አምስተኛ፣ ፋርማሲው። ኦሜፕራዞል ከመስኮት ወዲያ ሲሰጥ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ «ሕመሙ ድንገት ነው የጀመረው? ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር አለ?» አንዱ «አዎ» ከሆነ ሽያጩ ይቅር፤ ሰውዬው ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ከቤተሰብም የሚጠበቅ አለ። ለሐኪም «ጨጓራ አለበት» ብሎ በሽታውን ነግሮ ከመጀመር ታሪኩን መንገር ይሻላል፦ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ከቀድሞው በምን ይለያል፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። በተለይ «ይህ እንደ ወትሮው አይደለም» የሚል ሕመምተኛ መሰማት አለበት። ከራሱ ጨጓራ ጋር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ያ የሃምሳ ዓመት ሰው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲባንን በእጁ ያለው እርጥቡ ጊዜ ነበር። ወተቱ፣ ተልባው፣ ወረፋውና ካርዱ ላይ የተጻፈው ቃል ተራ በተራ አደረቁት። ምናልባት በእርግጥም ጨጓራ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ነው። ግን ኢሲጂ ተነስቶ፣ ግፊቱ ተለክቶ፣ ሆዱ ሁለቴ ተዳስሶ «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰውና ሳይታይ «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰው ያገኙት መልስ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በምርመራ የተደረሰበት ነው፤ ሁለተኛው ዕጣ ነው።